ከክብር መዝገብ እስከ ኤምባሲ ደጃፍ፤ ለውጭ አገር ኑሮ የሚቀርቡ የግል ሰነዶች ዝግጅትና ማረጋገጫ

ኑሮውን ወደ ሌላ አገር ለማዛወር የተነሣ ሰው ሻንጣውን ከማዘጋጀቱ አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ወረቀቱን ነው። የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርትና ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ፤ እንደ ጉዳዩ ሁኔታም የፍቺ፣ የሞት፣ የሞግዚትነት ወይም የጉዲፈቻ ውሳኔ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ተሰብስበው፣ ተተርጉመው፣ ማኅተም በማኅተም ላይ ተደርቦባቸው ከአንድ የባዕድ አገር ቆንስል ፊት ይቀርባሉ። ቆንስሉ ሰውየውን አያውቀውም። የተወለደበትን ቀበሌ፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት አላየም። የሚያውቀው በፊቱ የተዘረጋውን ወረቀት ብቻ ነው።

በዚህ ሂደት ውስጥ ባለጉዳዮች ብቻ ሳይሆኑ ሰነዱን የሚያዘጋጁ የመንግሥት ሠራተኞችም ጭምር በሚገባ የማይለዩት አንድ ነጥብ አለ። ይኸውም «ሰነዱ ተረጋግጧል» ሲባል የተረጋገጠው ምኑ እንደሆነ ነው።

የአንድ የልደት ምስክር ወረቀትን ጉዞ መከተል ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ወረቀቱን ከመዝገቡ አውጥቶ የሚፈርመው የወረዳው ወይም የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ነው። ከእርሱ በላይ ያለው የምዝገባ ተቋም የሚያረጋግጠው ፊርማውና ማኅተሙ በእርግጥ የዚያ ሹም መሆኑን ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቆንስላ አገልግሎት በተራው ከዚህ ተቋም የወጣውን ፊርማና ማኅተም በእጁ ካለው ናሙና ጋር አመሳክሮ የራሱን ማኅተም ያሳርፋል። በመጨረሻም ሰነዱ የሚቀርብለት አገር ኤምባሲ የሚኒስቴሩን ፊርማ ያረጋግጣል። አራተኛው ማኅተም ስለ ሦስተኛው፣ ሦስተኛው ስለ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ስለ መጀመሪያው ይመሰክራል። ሕፃኑ በተባለው ቀን ስለ መወለዱ፣ እናቱም በወረቀቱ የተጠቀሰችው ሴት ስለ መሆኗ የመሰከረ ግን ከመጀመሪያው ሹም በስተቀር ማንም የለም።

ይህን ልዩነት አለማስተዋል በሁለቱም ወገን ጉዳት ያስከትላል። ባለጉዳዩ በሰነዱ ውስጥ ያለውን ስሕተት እያየ «ውጭ ጉዳይ ካረጋገጠው በኋላ ማን ይጠይቀኛል» በማለት ይዞት ይሄዳል። የወረዳው ሠራተኛ በበኩሉ «ከእኔ በላይ ስንት አጣሪ አለ» በሚል ስሜት ቅጹን በጥድፊያ ይሞላል። ከእርሱ በላይ ያሉት ግን ፊርማ አመሳካሪዎች እንጂ የፍሬ ነገር አጣሪዎች አይደሉም። በወረዳው ጠረጴዛ ላይ የተሳሳተ አንድ አኃዝ አራት ማኅተም ተደርቦበት፣ ክብደት ጨምሮ፣ ስሕተትነቱ ግን እንዳለ ሆኖ ባሕር ይሻገራል።

የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት የሚያከናውነው ተግባር ከዚህ በመጠኑ የተለየ ነው። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ውክልና፣ ውልና መሰል ሰነዶች ሲቀርቡለት የፈራሚዎቹን ማንነትና ችሎታ አይቶ በፊቱ እንዲፈርሙ ያደርጋል፤ ቅጂዎችንም ከዋናው ሰነድ ጋር ያገናዝባል። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ቤቱን፣ ተሽከርካሪውን ወይም የፍርድ ቤት ጉዳዩን ለዘመድ ሲያስረክብ የሚሰጠው ውክልና የሚረጋገጠው በዚሁ ተቋም ነው። ይሁንና የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀትን ይዘት ይህ ተቋምም ቢሆን ከመዝገቡ ባለቤት ተሻግሮ ሊያውቅ አይችልም።

ረጅሙን የማኅተም ቅብብሎሽ ለማሳጠር ታስቦ የተደረሰው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1961 በሄግ የተፈረመው ሲሆን፤ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። በስምምነቱ አባል አገሮች መካከል ሰነድ የሚያልፈው በላኪው አገር አንድ የተመደበ ባለሥልጣን በሚሰጠው «አፖስቲል» በተባለ አንድ ወጥ የምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ ኤምባሲ ደጅ መጥናት አያስፈልግም። በቅርብ ዓመታት ሳዑዲ ዓረቢያ በ2022፣ ቻይና በ2023፣ ካናዳ በ2024 እ.ኤ.አ. ስምምነቱን በየግዛታቸው ሥራ ላይ አውለዋል። ኢትዮጵያ ከስምምነቱ ውጭ ሆና በቆየችባቸው አሥርት ዓመታት የኢትዮጵያውያን ሰነዶች ሲጓዙ የኖሩት በረጅሙ መንገድ ነው። ያም ሆኖ አፖስቲልም ቢሆን የሚመሰክረው ስለ ፊርማና ስለ ማኅተም እንጂ ስለ ሰነዱ ይዘት አለመሆኑ በራሱ በስምምነቱ የተደነገገ ነው። መንገዱ ቢያጥርም የመጀመሪያው ሹም ኃላፊነት አያጥርም።

ሁሉም አገር ሁሉንም ማኅተም እንደማይጠይቅም መታወቅ አለበት። ለአሜሪካ የኢሚግራንት ቪዛ የሚቀርብ የልደት ወይም የጋብቻ ማስረጃ በመርሕ ደረጃ የሚፈለገው ሥልጣን ባለው የመንግሥት አካል የተሰጠ መሆኑና በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ የተመሰከረለት ትርጉም መያያዙ ነው። በአንጻሩ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የትምህርት ማስረጃ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲያቸው አልፎ እንዲመጣ ይጠይቃሉ። ባለጉዳዩ የሚቀበለው አገር ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ባለማንበቡ ለማያስፈልግ ማኅተም ሳምንታት ይሰለፋል፤ የሚያስፈልገውን ደግሞ ይዘነጋል። «ሁሉንም አስመታው፤ አይጎዳም» የሚለው የደላላ ምክር ጊዜንም ገንዘብንም የሚጎዳ ነው።

የኢትዮጵያውያን ሰነዶች በባዕድ ቆንስሎች ዘንድ ብዙ ጥያቄ የሚነሣባቸው በማኅተም ማነስ ሳይሆን በመዝገቡ ታሪክ ምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ዝርዝር ድንጋጌዎችን የያዘ ቢሆንም፤ የዚያው ሕግ አንቀጽ 3361 ድንጋጌዎቹ ወደ ፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ እንዳይሠራባቸው አግዶ አቆያቸው። ትእዛዙም ሳይወጣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተቆጠረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የልደት ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ምስክር ቆጥሮ፣ የክርስትና ካርድ ወይም የሆስፒታል ወረቀት ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ወይም ወደ ቀበሌው ይሄድ ነበር። ማስረጃው የሚሰጠው ልደቱ በተከሠተ ጊዜ ሳይሆን ለትምህርት፣ ለፓስፖርት ወይም ለቪዛ በተፈለገ ጊዜ ነበር።

የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፤ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ወጥ ሥርዓት መመዝገብ የጀመሩት ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ልደት በተከሠተ በ90 ቀናት፣ ጋብቻና ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገቡ አዋጁ ግዴታ ጥሏል። እንግዲህ በዛሬው ዕለት ለውጭ ጉዞ ማመልከቻ የሚያስገባ ማንኛውም ጎልማሳ ከዚህ ቀን በፊት የተወለደ በመሆኑ፤ ልደቱ የተመዘገበው ከዓመታት በኋላ፣ በሰው ቃልና በቆዩ ወረቀቶች ላይ ተመሥርቶ ነው። ቆንስሉ የሚመለከተው የሠላሳ ዓመት ሰው የልደት ወረቀት ከቃለ መጠይቁ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ መሰጠቱን ነው። የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ካለ እንዲቀርብለት ሲጠይቅ ባለጉዳዩ እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይገባም፤ የሚፈልገው ጉዞ ከመታሰቡ በፊት የተጻፈ ወረቀት ነው። ነባር ልደት የሚመዘግብ ሹምም የቀረበለትን መሠረታዊ ማስረጃ በመዝገቡ ላይ መጥቀሱና ቅጂውን በማኅደሩ ማስቀመጡ ከዓመታት በኋላ ለሚነሣ ጥያቄ መልስ ይሆናል።

ስሕተት ከሚበዛባቸው ጉዳዮች ቀዳሚው የዘመን አቆጣጠር ነው። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ሰባት ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን የማያውቅ የለም። በተግባር ግን ብዙ ሰው የሚደምረው ስምንትን ብቻ ነው። ለአብነት ታኅሣሥ 20 ቀን 1982 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተወለደው ዲሴምበር 29 ቀን 1989 ነው። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን የተወለደው ጎረቤቱ ግን ጃንዋሪ 3 ቀን 1990 ተወለደ ይባላል። ሁለቱንም በ1990 የሚመዘግብ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ልጅ ዕድሜ በአንድ ዓመት ይቀንሰዋል።

ከዚህም የከፋው የወሩን ስም ተርጉሞ ቀኑን እንዳለ መተው ነው። የካቲት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. «ፌብሩዋሪ 30» ተብሎ ሲጻፍ በየትኛውም ዓመት የሌለ ቀን በሕጋዊ ሰነድ ላይ ይሰፍራል። ትክክለኛው ቀን ማርች 9 ቀን 1990 ነው። ጳጉሜን የተወለዱ ሰዎችማ ዕጣቸው የባሰ ነው፤ በሌላው አቆጣጠር አቻ ወር ስለሌለው አንዱ ጸሐፊ ወደ ኦገስት፣ ሌላው ወደ ሴፕቴምበር 1 ይወስደዋል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ስለምትሆን ተከታዩ መስከረም 1 ቀን ሴፕቴምበር 12 እንደሚውል፣ የቀኑ ልዩነትም እስከሚቀጥለው የካቲት ማብቂያ አካባቢ በአንድ እንደሚዛነፍ ማስታወስ ያሻል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቀኑን በቃል ከማስላት ይልቅ በማስያ አይቶ ሁለቱንም አቆጣጠሮች ከነስያሜያቸው ጎን ለጎን ማስፈር፤ ቀድሞ በወጣ ፓስፖርት ወይም የትምህርት ማስረጃ ላይ ያለው ቀን የተለየ ከሆነም ልዩነቱን ሳይሸፋፍኑ በጊዜው ማረም።

ሁለተኛው የስሕተት ምንጭ ስም ነው። የኢትዮጵያውያን ስም አጠራር የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም በተከታታይ የሚይዝ ሲሆን፤ የቤተሰብ መጠሪያ ስም የሚባለው የምዕራባውያን ልማድ በብዙው ሕዝብ ዘንድ የለም። የውጭ አገር ቅጽ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ክፍት ቦታ አለው፤ በዚያ ላይ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ የአያት ስም ነው። ከበደ አየለ ወልዴ የሚባል አባወራ አለ እንበል። የእርሱ «የቤተሰብ ስም» ወልዴ ይሆናል። ባለቤቱ አልማዝ ተሰማ ደስታ በትዳር ስሟን ስለማትለውጥ ደስታ ትባላለች። ልጃቸው ሄለን ከበደ አየለ ደግሞ አየለ ትሆናለች። በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ሦስት ሰዎች በባዕድ አገር ኮምፒዩተር ዘንድ ሦስት የማይዛመዱ ቤተሰቦች ይመስላሉ። ሦስቱን የሚያገናኛቸው የጋብቻውና የልደቱ ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። በልደቱ ወረቀት ላይ የእናት ስም እስከ አያት ካልተሟላ፣ ወይም አልማዝ የሚለው ስም በአንዱ ወረቀት ላይ የቤት መጠሪያ ሆኖ ከገባ፣ ድልድዩ ይሰበራል።

በዚህ ላይ የፊደሉ ጉዳይ ይጨመራል። ጽጌ የሚለው ስም በላቲን ሲጻፍ በአንዱ ወረቀት በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ይጀምራል። ኃይሉ አንድ ጊዜ በ«ኤ» እና «አይ»፣ ሌላ ጊዜ በ«ኤ» እና «ዋይ» ይጻፋል። የአማርኛ አንባቢ ኀ እና ሀን፣ ጸ እና ፀን በአንድ ድምፅ ስለሚያነብ ልዩነቱ አይታየውም፤ ለባዕዱ ግን ስሙ የተለየ ሰው ስም ነው። አስተማማኙ መመሪያ በፓስፖርቱ ላይ ያለውን የላቲን አጻጻፍ በሌሎቹ ሰነዶች ሁሉ ላይ አንድም ፊደል ሳያዛንፉ መከተል ነው። ፓስፖርት ገና ያላወጣ ሰው ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የትኛውን አጻጻፍ እንደሚይዝ ቆርጦ፣ ከልደት ወረቀቱ ጀምሮ በዚያው መቀጠል ይኖርበታል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት ስምን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ስለሚይዝ፤ በምዝገባው ዕለት የተሰጠ ፊደል ለወደፊቱ ሁሉ መነሻ መሆኑን መዝጋቢውም ተመዝጋቢውም ሊያውቁት ይገባል።

የጋብቻ ማስረጃን በሚመለከት በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል መሠረት የሚፈጸሙትን ሦስቱን የጋብቻ ዓይነቶች በእኩል ያውቃል። ይሁን እንጂ በባህል ወይም በቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ለሃያ ዓመት ሳያስመዘግቡ የኖሩ ባልና ሚስት አንደኛው የመሄድ ዕድል ሲያገኝ ወደ ወረዳ ይሮጣሉ። ሹሙ ጋብቻው የተፈጸመበትን ትክክለኛ ቀን ትቶ የተመዘገበበትን ቀን ብቻ የጻፈ እንደሆነ፤ ከጋብቻው በፊት የተወለዱ የሚመስሉ ልጆችና «ለቪዛ ሲባል ተጋቡ» የሚል ጥርጣሬ ይከተላል። ሁለቱ ቀኖች የተለያዩ መሆናቸው ከወረቀቱ ላይ በግልጽ መታየት አለበት። «ያላገባ» የሚል ማስረጃም እንዲሁ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ወረዳው ሊመሰክር የሚችለው በራሱ መዝገብ ስለሚያውቀው ብቻ በመሆኑ፣ ባለጉዳዩ ቀደም ሲል በኖረበት ሌላ ወረዳ ስላለው ሁኔታ ሳያጣራ ሰፋ ያለ ቃል መስጠት አይኖርበትም።

የትምህርት ማስረጃ የራሱ መንገድ አለው። የብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚረጋገጠው በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ደግሞ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በኩል ነው። ብዙ የውጭ የምዘና ድርጅቶች ትራንስክሪፕቱ ከተቋሙ በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ እንዲላክላቸው ስለሚጠይቁ፤ ባለጉዳዩ በእጁ ያለው ዋና ቅጂ ብቻውን አይበቃም። ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ በጣት አሻራ ላይ ተመሥርቶ በፌዴራል ፖሊስ የሚሰጥ ሲሆን፤ ተቀባዮቹ አገሮች ከወጣ ብዙ ወራት ያለፈውን ስለማይቀበሉ ከሁሉ በኋላ መውጣት ያለበት እርሱ ነው። መሥሪያ ቤቶች የሚሰጡት የሥራ ልምድ ማስረጃም ቢሆን ቀላል ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የቅጥሩና የስንብቱ ቀን፣ የሥራ መደቡና የፈራሚው ኃላፊነት በግልጽ ያልሰፈረበት ደብዳቤ ማኅተም ቢያርፍበትም ማስረጃነቱ ደካማ ነው።

በክብር መዝገብ ሹሙ ላይ የሚያርፈው ጫና ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈጠረውና ዲቪ በሚል አጠራር የታወቀው ዕጣ ለብዙ ኢትዮጵያውያን በደረሰባቸው ዓመታት፤ ቪዛው የበጀት ዓመቱ እስከሚዘጋበት እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ማለትም እስከ መስከረም 20 ገደማ ካልተሰጠ ዕድሉ ይከስም ነበር። ልጅን አስከትሎ ለመሄድም ልጁ 21 ዓመት ያልሞላውና ያላገባ መሆን ነበረበት። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ ያለው አባት ከሹሙ ፊት ቆሞ «ሁለት ዓመት ብቻ ቀንስልኝ፤ ቤተሰቤን አትበትንብኝ» ሲለው ልመናው የሰው ልጅ ልመና ነው። ሹሙ ጎረቤቱ፣ ምናልባትም የክርስትና አባቱ ልጅ ሊሆን ይችላል። ከበስተኋላም ደላላው ቆሟል።

ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት የተቀነሰለት ልጅ ቆንስሉ ፊት ሲቀርብ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወረቀቱ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቱና ቀድሞ ያወጣው መታወቂያ አብረውት ይቀርባሉ። በሰባት ዓመቱ አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያስጠረጥራል። በወላጅነት ላይ ጥርጣሬ ሲነሣም የዘረመል ምርመራ እንዲደረግ ይጠየቃል። በአሜሪካ ሕግ መሠረታዊ በሆነ ጉዳይ ላይ ሆን ብሎ ሐሰት ያቀረበ ሰው ለዘለቄታው ወደ አገሪቱ እንዳይገባ ይከለከላል፤ የቀረው ቤተሰብ ማመልከቻም አብሮ ይጠረጠራል። አባቱ ልጁን አስቀርቶ በእውነተኛው ዕድሜ ቢሄድ ኖሮ ከዓመታት በኋላ በሌላ መንገድ ሊያስመጣው የሚችልበት በር ነበረው፤ በሐሰቱ ግን ያንን በር በራሱ እጅ ይዘጋል። በአገር ውስጥ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትም ሆነ በእርሱ መገልገል ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ሲሆን፤ ሹሙ በሥራ ኃላፊነቱ የሠራው እንደሆነ ጉዳዩ ይከብዳል።

የአንድ ሐሰተኛ ወረቀት ዋጋ የሚከፈለው በአቅራቢው ብቻ አይደለም። ጀርመንን የመሰሉ አገሮች የምዝገባ ሥርዓታቸው በቂ እምነት አይጣልበትም ብለው በለዩአቸው አገሮች ሰነዶች ላይ የማኅተም ማረጋገጫ መስጠቱን ትተው፤ በቦታው ባለ ጠበቃ አማካይነት ወደ ወረዳው፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ጎረቤት ሰው ልከው ይዘቱን ወደ ማጣራት ገብተዋል። ይህ ወራት ይወስዳል፤ ወጪውም በባለጉዳዩ ላይ ነው። አጣሪው ወረዳው ደርሶ «መዝገቡን አሳዩኝ» ሲል መዝገቡ ከጠፋ፣ ገጹ ከተቀደደ ወይም በቁጥሩ ሌላ ሰው ተመዝግቦ ከተገኘ፣ ወረቀቱ እውነተኛ የነበረው ቤተሰብ ጭምር ውድቅ ይሆናል። በሌላ በኩል የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የቤተሰብ ማገናኘት መመሪያ፤ ስደተኛ የሆነ ሰው ዝምድናውን የሚያስረዳ ሰነድ ማቅረብ ካልቻለ ሌላ ማስረጃ እንዲታይለትና ሰነድ በማጣቱ ብቻ ማመልከቻው ውድቅ እንዳይሆን ይደነግጋል። ወረቀት የሌለው ሰው የሚሰማበት ዕድል ሲኖረው፤ ሐሰተኛ ወረቀት ያቀረበው ግን ሌላውን እውነተኛ ቃሉን ጭምር አደጋ ላይ ይጥላል።

ወረቀቱ አንዴ ባሕር ተሻግሮ የሚቀርም አይደለም። የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የኢትዮጵያ ዜግነቱ የሚቀር በመሆኑ፤ ተመልሶ ለመሥራትና ለመኖር በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደውንና በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ይጠይቃል። ለዚህም እርሱ ወይም ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ ማስረዳት አለበት። በሄደችበት አገር የባሏን ስም የወሰደች ሴት፣ በስሙ ላይ ፊደል የቀነሰ ወንድ፣ ሲሄድ ዕድሜው የተቀነሰለት ልጅ ሁሉም በዚህ ጊዜ ከቀድሞው ራሳቸው ጋር አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ይቸገራሉ። ከሁሉ የሚከፋው የውርስ ጉዳይ ነው። አባት ሲሞት በውጭ ያለችው ልጅ የሟች ልጅ መሆኗን ለፍርድ ቤት የምታስረዳው በዚያችው የልደት ወረቀት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የአጎቷ ልጅ ተደርጋ በአጎቷ ስም ሄዳ ከሆነ፤ በእጇ ያለው ሰነድ የሚመሰክረው በራሷ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንጻር በወረዳ ደረጃ ሊደረግ የሚችለው ነገር የተወሳሰበ አይደለም። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ተቀብሎ ከመስኮቱ ከመራቁ በፊት ስሙን፣ የወላጆቹን ስም፣ ቀኑንና ጾታውን በሁለቱም ቋንቋ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ስሕተት ከተገኘም በዚያው ዕለት መዝገቡም ወረቀቱም አብረው ይታረማሉ። ወረቀቱ ብቻ ታርሞ መዝገቡ እንደ ነበረ ከቀረ ግን፣ በማጣራት ጊዜ እውነተኛው ወረቀት ሐሰተኛ መስሎ ይታያል።

የፊርማ ናሙናም ሊዘነጋ አይገባም። ሹም ሲዛወር ወይም ማኅተም ሲለወጥ አዲሱ ናሙና ለበላይ የምዝገባ ተቋሙ በደብዳቤ ካልደረሰ፣ በአዲሱ ሹም የተፈረመ እውነተኛ ሰነድ አዲስ አበባ ላይ «ፊርማው አይታወቅም» ተብሎ ይመለሳል። ባለጉዳዩም ወረቀቱን ይዞ በመጣበት አውቶቡስ ወደ ወረዳው ተመልሶ፣ አዲሱ ሹም ስለ ራሱ ፊርማ ደብዳቤ እስኪጽፍለት ይጠብቃል፤ የቃለ መጠይቁ ቀን ግን አይጠብቀውም።